«አሜሊ» በሐዋሳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመጪው ቅዳሜና እሑድ በትንሿ ሲኒማችን «አሜሊ» የተባለውን የፈረንሳይ ፊልም እናሳያለን። ፖስተሩ ከተለጠፈ ወዲህ ስልካችን አላረፈም። ባጃጅ አቁሞ ከውስጥ ሆኖ የሚጠይቅም አለ። የሚጠየቀው ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ መልሱን እዚህ አስቀምጠነዋል።

ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?

ሞንማርትር በሚባል የፓሪስ ሰፈር፣ ካፌ ውስጥ ስለምትሠራ አስተናጋጅ ነው። አሜሊ ፑላን ትባላለች። አንድ ምሽት ቤቷ ሆና የልዕልት ዲያናን ሞት በዜና ትሰማለች። ከድንጋጤዋ የተነሳ የሽቶ ጠርሙስ ክዳን ከእጇ ያመልጣታል። ክዳኑ ተንከባሎ ሄዶ ግድግዳው ሥር ያለችውን ሴራሚክ ይመታል፤ ሴራሚኳ ትላቀቃለች። ከኋላዋ የተደበቀች የቆርቆሮ ሳጥን አለች። ከብዙ ዓመት በፊት እዚያ ቤት ያደገ ልጅ መጫወቻዎቹን የሸሸገባት ናት።

አሜሊ የሳጥኑን ባለቤት አፈላልጋ ንብረቱን በስውር ልትመልስለት ትነሳለች። ይሳካላታል። ሰውየው የሚሆነውን ከሩቅ ስታይ ነገሩ ይጥማታል። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቃት የሰው ሕይወት ውስጥ እጇን ማስገባት ሥራዬ ብላ ትይዛለች። ከቤት አልወጣ ያሉ አባቷን ለማነቃቃት ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን የሸክላ ሐውልት ትሰርቅና ለአየር መንገድ አስተናጋጅ ጓደኛዋ ትሰጣታለች። አባትዬው የሐውልቷን ፎቶ ከየአገሩ በፖስታ እየደረሳቸው ግራ ይገባቸዋል። ሠራተኛውን የሚሳደበውን ባለ ሱቅ ደግሞ በጥፊ ሳይሆን በብልሃት ትቀጣዋለች። እንዴት እንደሆነ አንነግራችሁም። አዳራሹ ሳቅ በሳቅ የሚሆነው እዚያ ጋ ነው።

እውነት የፍቅር ፊልም ነው? ፖስተሩ ላይ ያለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ነው። ኒኖ የሚባል ልጅ አለ። ባቡር ጣቢያ ካሉት የፈጣን ፎቶ ማንሻዎች ሥር ሰው ቀዶ የጣለውን ፎቶ እየለቀመ አልበም ላይ ይለጥፋል። አልበሙ ይጠፋበታል፤ አሜሊ እጅ ይገባል። መልሶ መስጠት ቀላል ነበር። እሷ ግን ዓይን አፋር ናት። ቀጥ ብላ «ይኸው» ማለት ያቅታታል። ስለዚህ መንገድ ላይ ቀስት እየሣለች፣ ስልክ እየደወለች፣ ፎቶ እየለጠፈች ልጁን ስታዞረው ትቆያለች።

ሁለቱ ፊት ለፊት የሚነጋገሩት ነገር የለም ማለት ይቻላል። «እወድሻለሁ» እየተባባሉ ዝናብ ውስጥ የሚሮጡበትን የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ሊቸኩል ይችላል። ግን ከመንገድ ማዶ ቆሞ ማየት፣ ስልኩን አንስቶ ሳይደውሉ ማስቀመጥ፣ በጓደኛ በኩል መልእክት መላክ ለእኛ አገር ሰው ምኑ አዲስ ነው? እንደውም ይሄን ፊልም ስመርጥ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

ተረት ተረት የሚመስል ነገር አለው ይባላል።

አለው። ፎቶ አፉን ከፍቶ ይናገራል። አልጋዋ አጠገብ ያለው የአሳማ ቅርጽ መብራት እሷ ስትተኛ ራሱን ያጠፋል። ልጁ ካፌው ድረስ መጥቶ እሷ ሳትናገረው ቀርታ ሲሄድ፣ ቆማ ባለችበት ውሃ ሆና ወለሉ ላይ ትፈሳለች። ቃል በቃል ነው የምላችሁ፤ ኩሬ ነው የምትሆነው። «ይሄ እንዴት ይሆናል?» ለሚል ሰው መልስ የለንም።

ፈረንሳይኛ አልችልም። ምን ይገባኛል?

ብዙ ጊዜ የተጠየቅነው ይሄ ነው። ከሥር በአማርኛ ይጻፋል፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር ይገባችኋል።

ግን እዚህ ላይ ትንሽ ላውራ። «የማላውቀው ቋንቋ ፊልም አይሆነኝም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይገርመኛል። የህንድ ፊልም እያየ ያላደገ ማን አለ? በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ስንት ፊልም አየን። ሂንዲ የሚችል አልነበረም። እናትየው ልጇን ስታጣ አብረን አልቅሰናል፣ መጥፎው ሰውዬ ሲመታ አጨብጭበናል፣ ዘፈኑንም እንደመጣልን ዘፍነነዋል። ያኔ ያልከበደን ነገር፣ አሁን ከሥር ጽሑፍ ተጨምሮበት፣ ሊከብደን አይገባም። የፈረንሳይ ፊልም የተማረ ሰው ብቻ የሚያየው ነገር እንደሆነ የነገረን ማን እንደሆነ አላውቅም። ይሄ ፊልም ፈረንሳይ ውስጥ ተራው ሕዝብ ተሰልፎ ያየው ፊልም ነው።

ጽሑፉ ይሮጣል? አንብቤ ሳልጨርስ እንዳይጠፋብኝ።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ይሮጣል። አንድ ተራኪ አለ፤ የአሜሊን ልጅነት፣ የአባቷን ጠባይ፣ የእናቷን ጠባይ፣ የዝንብ ክንፍ ሳይቀር እያነሳ ያወርደዋል። እኛ ስንተረጉም ሁሉንም ቃል ለማስገባት አልሞከርንም። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አይወጣም። ከዚያ በኋላ ረጋ ይላል፤ ጭራሽ ንግግር የሌለበት ቦታም ብዙ ነው።

ፊደሉን ነጭ አድርገን ዙሪያውን በጥቁር ከበነዋል። መጀመሪያ ቢጫ ነበር የታሰበው። ግን ፊልሙ ራሱ ከዳር እስከ ዳር ወርቃማና አረንጓዴ ስለሆነ ቢጫው ሰምጦ ቀረ።

አዳራሻችን ወለሉ ደልዳላ ነው። የፊት ሰው ጭንቅላት ጽሑፉን እንዳይጋርድ ስክሪኑን ወደ ላይ ሰቅለነዋል። ቢሆንም ረጃጅሞች እባካችሁ ከኋላ ተቀመጡ። ኮፍያም እናወልቅ።

መነጽር የምታደርጉ ይዛችሁ ኑ። ማንበብ የሚቸግራቸው አባት ወይም እናት ይዛችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ለዚያ ብለን የግራውን የመጨረሻ ረድፍ ለቀናል። እዚያ ሆናችሁ በሹክሹክታ ብታነቡላቸው ማንም አይቆጣችሁም።

ለምን ድምፁ ወደ አማርኛ አልተመለሰም? ቃና ላይ እንደሚታየው።

ቃና በ2008 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ቱርኮቹን በአማርኛ አናግሮ አገር ምድሩን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጧል። የሚናቅ ሥራ አይደለም። ለሳሎን ይመቻል፤ ሽንኩርት እየከተፉም በጆሮ ይከታተሉታል።

ይሄ ፊልም ግን ድምፁ ግማሽ ነገሩ ነው። ተራኪው አንድሬ ዱሶሊዬ የተባለ የታወቀ ተዋናይ ነው፤ ከባዱንም ቀልዱንም ፊቱን ሳያጨማድድ በሚመስል ድምፅ ያወርደዋል። ኦድሬ ቶቱ ደግሞ አሜሊን ስትጫወት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ለራሷ የምታወራ ነው የምትመስለው። ያንን አውጥቶ ሌላ ሰው መክተት እኛን አልሆነልንም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ድምፅ ቀረጻ ውድ ነው።

በሲዳሙ አፎ ጽሑፍ የለም?

ለዚህኛው የለም። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ታሪኩን የሚያስተዋውቀው አጭር ንግግር ግን በሲዳሙ አፎም በአማርኛም ይቀርባል። ለቀጣዩ ፊልም ጽሑፉን ሊያግዘን የሚፈልግ ካለ ትኬት መስኮቱ ላይ ስሙን ያስመዝግብ።

ከልጆች ጋር መምጣት ይቻላል?

አይቻልም። ከ18 ዓመት በታች አናስገባም።

ፖስተሩ ላይ ያለችው ልጅ ፈገግታዋ የልጆች ፊልም ያስመስላል፤ ያ ያሳስታል። ኒኖ የሚሠራው የአዋቂ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው፣ ሱቁም ይታያል። ካፌው ውስጥም፣ ከዚያም በፊት መጀመሪያ አካባቢ፣ አልጋ ነክ ነገር አለ። ለሳቅ ነው የገባው፣ ቶሎም ያልፋል፤ ግን አለ። አሜሪካ ውስጥም ከ17 ዓመት በታች ያለ ሰው ያለ አሳዳጊ እንዳያየው ነው ደረጃ የተሰጠው። ቆርጠን አናሳይም። የሰው ሥራ ነው።

ከእናቴ ጋር ብመጣስ?

እንደ እናትሽ ነው፣ እህቴ። አንዳንዷ እናት ከልጇ በላይ ትስቃለች። ካሳፈረሽ ግን ሁለታችሁ በተለያየ ቀን ግቡ።

ከ20 ዓመት በላይ የሆነውን ፊልም ለምን አሁን?

የወጣው በ1993 ዓ.ም ነው፤ በፈረንጆቹ 2001። ዳይሬክተሩ ዣን ፒየር ዠኔ ነው። ካን ፌስቲቫል ለውድድር አልወሰደውም ነበር። ሕዝቡ ግን ወሰደው። በሚቀጥለው ዓመት የፈረንሳይን ትልቁን የፊልም ሽልማት፣ ሴዛርን፣ በ4 ዘርፍ አገኘ፤ ምርጥ ፊልምና ምርጥ ዳይሬክተር ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ለኦስካር በ5 ዘርፍ ታጨ፤ አንዱንም አላገኘም።

እኛ የመረጥነው ግን ለዋንጫው ብለን አይደለም። አዲስ ፊልም በሳምንቱ ሁሉም ሰው ስልክ ውስጥ ይገባል። የቆየ ጥሩ ፊልም ነው ሰው ሳያየው የሚያልፈው።

ላፕቶፔ ላይ አለኝ። ለምን መጥቼ ልክፈል?

አትገደዱም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይሄ ፊልም ቀለሙ ተለቅሞ የተሠራ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ፤ ሰማያዊ አልፎ አልፎ ጣል የምትል አንድ መብራት ወይም አንድ ዕቃ ናት። የካሜራ ባለሙያው ብሩኖ ዴልቦኔል ቀረጻውን ከጨረሰ በኋላ ፊልሙ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ቀለሙ በየትዕይንቱ ተስተካክሏል። ያኔ ይሄ ገና አዲስ አሠራር ነበር። ላፕቶፕ ላይ፣ ያውም አልጋ ላይ ተጋድመው፣ ስክሪኑ ወደኋላ ዘንበል ብሎ ሲያዩት ያ ሁሉ ድካም ወደ ቡናማ ይለወጣል።

ሌላው ሳቁ ነው። ብቻችሁን ስታዩ ፈገግ የምትሉበት ቦታ፣ ሰው መሐል ሲሆን ሳቅ ይሆናል። አጠገባችሁ ያለው የማታውቁት ሰው እናንተ ያላያችሁትን አይቶ ይስቅና «ምን አለ? ምን አለ?» ትላላችሁ። እኔ ሲኒማ የምወደው ለዚህ ነው።

በፈቃድ ነው የምታሳዩት?

አዎ። ዲቪዲ መግዛት ወይም ኢንተርኔት ላይ ከፍሎ ማየት ቤት ውስጥ ለማየት ነው። ትኬት ቆርጦ ለሕዝብ ማሳየት ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ክፍያውም ለብቻው ነው። ከትኬቱ ዋጋ አብዛኛው ወደዚያ ይሄዳል። «ትንሽ አዳራሽ ናችሁ፣ ማን ያያችኋል?» ያሉን አሉ። የእኛ አገር ፊልም ሠሪ ሥራው ሳይሸጥ ተቀድቶ ሲያልቅ ስናማርር ኖረን፣ ለሌላው ሲሆን ዓይናችንን ልንጨፍን አንችልም።

ሙዚቃውን የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ።

ሰምታችሁታል። ፒያኖው በተለይ በየአጫጭር ቪዲዮው ላይ ይገባል፤ ሰው ስሙን ሳያውቅ ያንጎራጉረዋል። ሙዚቀኛው ያን ቲየርሰን ነው። ለፊልሙ አዲስ የሠራው አለ፤ የቀረው ግን ከቀድሞ አልበሞቹ የተወሰደ ነው። አኮርዲዮኑን ስትሰሙ የዱሮ የክብር ዘበኛ ዘመን ዘፈን ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ።

ፓሪስ እውነት እንዲህ ታምራለች?

እዚያ ያለ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ፤ ይስቅባችኋል። ዠኔ ሲቀርጽ ግድግዳ ላይ የተሞነጫጨረውን አስጠርጓል፣ የቆሙ መኪኖች አስነስቷል። ከቤት ውስጥ ትዕይንቶቹም ብዙዎቹ የተቀረጹት ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ፈረንሳይ ውስጥ ክርክር አስነስቶ ነበር። «ይቺ ፓሪስ በጣም ንጹሕ ናት፣ ከሌላ አገር የመጣው ሕዝብ የታለ?» ብለው የተቹት ነበሩ። ትችቱ መሠረት የለውም አልልም። ሞንማርትር አጠገብ የአፍሪካ ሰው የሞላበት ሰፈር አለ፤ ካሜራው ወደዚያ አይዞርም።

እኔ የማየው አንዲት ልጅ ስትመኝ ያየቻት ከተማ አድርጌ ነው። ሐዋሳንም ቢሆን የዘፈን ክሊፕ ላይ የምናያት ሐይቁን፣ ዘንባባውንና ሽርሽሩን ነው። መናኸሪያ አካባቢ ያለውን አቧራ ክሊፕ ላይ ያየ የለም።

ካፌው እውነት አለ?

አለ፤ ሞንማርትር ውስጥ። «ደ ሙላን» ይባላል። ከፊልሙ ወዲህ ቱሪስት አይጠፋበትም።

ዘግይቼ ብመጣ እገባለሁ?

ቅዳሜ በሩ የሚከፈተው 11:30 ነው፤ ፊልሙ 12:15 ይጀምራል። እሑድ ፊልሙ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በሰዓቱ ማለት በሰዓቱ ነው፤ የሐበሻ ቀጠሮ አይሠራም።

ግትር ሆነን አይደለም። መጀመሪያው ላይ አሜሊ ለምን እንደዚህ እንደሆነች ይነገራል። አባቷ ሐኪም ናቸው። ልጃቸውን አቅፈው አያውቁም፤ በወር አንዴ ግን ይመረምሯታል። ልጅቷ አባቷ ስለነኳት ደስ ብሏት ልቧ ይመታል። እሳቸው የልብ በሽታ አለባት ብለው ከትምህርት ቤት ያስቀሯታል። ይሄን ያላየ ሰው ቀሪውን ሁለት ሰዓት «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው የማታናግረው?» እያለ ጎረቤቱን ይነዘንዛል። ከ10 ደቂቃ በላይ የዘገየ ለእሑድ ትኬቱን እንቀይርለታለን።

መብራት ቢጠፋስ?

ጄኔሬተር አለን። ተነስቶ እስኪይዝ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። የፕሮጀክተር አምፖል እየጋለ በድንገት ከጠፋ ቶሎ አይነሳም፤ ዕድሜውም ያጥራል። ስለዚህ ፕሮጀክተሩንና ፊልሙን የሚያጫውተውን ኮምፒውተር በዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ በሚይዝ መሣሪያ፣ አስረነዋል። ድምፅ ማጉያው ግን ዩፒኤስ ላይ አይደለም። መብራት ሲሄድ ሥዕሉ ሳይጠፋ ድምፁ ብቻ ጸጥ ሊል ይችላል ማለት ነው። አትደንግጡ፣ አታፏጩ። ወዲያው አቁመን፣ ድምፁ ሲመለስ ትንሽ ወደኋላ መልሰን እንቀጥላለን።

ዝናብ ከመጣ ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። ከባድ ዝናብ ላይ የአማርኛ ፊልም ስናሳይ አንድ ቃል አይሰማም። ለአንዴ እንኳ የውጭ ፊልም ጠቀመን፤ ታነቡታላችሁ።

የሚበላ ይዞ መግባት ይቻላል?

ፈንዲሻና ቆሎ እኛው ጋ አለ። ቡና ከፊልሙ በፊት ይፈላል። ማስቲካ ወንበር ሥር የሚለጥፍ ሰው ከዚህ በፊት ነበር፤ አሁን እንደማይመለስ ተስፋ አለን።

ከአሞራ ገደል በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥብስ ዓሳ ይዞ መግባት ግን አይቻልም። ጣዕሙን እንወደዋለን። ሽታው ግን ከፊልሙ በኋላ ሦስት ቀን አዳራሹ ውስጥ ይከርማል። በልታችሁ ኑ፣ እጃችሁን በሎሚ ታጠቡ።

አሜሊ ክሬም ብሩሌ የሚባል ጣፋጭ ትወዳለች፤ ከላይ የተጠበሰውን ስኳር በማንኪያ ሰብራ ነው የምትበላው። ሲታይ ምራቅ ያስውጣል። እኛ ጋ የለም፤ እንዳትጠይቁን።

ትኬት ስንት ነው? እንዴት ይገኛል?

150 ብር ነው፤ ተማሪ መታወቂያ ካሳየ 100። በቴሌብር ወይም በጥሬ ገንዘብ መስኮቱ ላይ ትቆርጣላችሁ። ወንበር አይያዝም። ነጠላ አንጥፎ ስድስት ቦታ መያዝም አይቻልም።

ስልክ?

ድምፁ ይጥፋ፣ ብርሃኑም ይጥፋ። መደወል የግድ የሆነበት ይውጣ፤ በሩ ይከፈትለታል። ፊልሙን ከስክሪን ላይ በስልክ መቅረጽ ጨርሶ አይቻልም።

ስንት ሰዓት ያልቃል? ባጃጅ እናገኛለን?

ፊልሙ 122 ደቂቃ ነው። ቅዳሜ ከምሽቱ 2:20 አካባቢ ትወጣላችሁ። በር ላይ ጥቂት ባጃጆች እንዲጠብቁ ተነጋግረናል፤ ወደ ታቦር፣ ወደ አቶቴና ወደ መናኸሪያ የምትሄዱ ተጋርታችሁ መያዝ ትችላላችሁ። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፤ ማታ ስለሆነ ትንሽ ይጨምራል። ማደሪያቸው ቶሎ የሚዘጋባቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የእሑዱን ቢመርጡ ይሻላል።